ከቋት የተሰረዘ ጽሑፍ

እኛ ቢሮ ውስጥ አንድ ያልተጻፈ ሕግ አለ፤ ሰው ሳያውቀው የተስተካከለ ብልሽት ብልሽት አይባልም። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። የዩኒቨርሲቲው የመማር ማስተማር ቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊ ከሆንኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ተማሪ የቤት ሥራ የሚያስገባበት ገጽ፣ የኦንላይን ፈተናው፣ በየአዳራሹ ጣሪያ ላይ የተንጠለጠለው ፕሮጀክተር ሁሉ የእኔ ራስ ምታት ነው። ከሥሬ ካሉት ቴክኒሻኖች አንዱን «አጥፋ አብራ» እንለዋለን። መምህር ደውሎ ምንም ቢለው መልሱ ያቺው ናት። ማይክሮፎኑ አይሰማም ሲሉት፣ አጥፍተው ያብሩት። ተማሪዎቼ አይሰሙኝም ቢሉትም ያንኑ እንደሚል አንጠራጠርም። እንስቅበታለን እንጂ ሁላችንም ያው ነን። እንሰርዛለን፣ እንደገና እንጭናለን፣ ሲሠራ ሻይ ልንጠጣ እንወርዳለን። ለምን እንደተበላሸ የሚጠይቅ የለም።

በዚያች ሕግ የአንዲት ሴት ሕይወት አበላሽቻለሁ።

የባለቤቴን ታላቅ እህት እኔም እንደ ባለቤቴ እትዬ ነው የምላት። እናታቸው ሲሞቱ ባለቤቴ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች፣ እትዬ ደግሞ አሥራ ስድስት። ትምህርቷን አቋርጣ ታናሿን አሳደገች። አጠበቻት፣ አበጠረቻት፣ ለፈተና ቀሰቀሰቻት፣ ለእኔም ዳረቻት። ባለቤቴ ዩኒቨርሲቲ የገባች ዓመት እትዬ በሠላሳ ዓመቷ ዘጠነኛ ክፍል ተመዘገበች። ክፍሉ ውስጥ መምህሩን ጨምሮ በዕድሜ የሚበልጣት አልነበረም። ከዚያ ወዲያ አልቆመችም። መምህርት ሆነች፤ ቆይታም እዚሁ እኛ ጋ የትምህርት ፋኩልቲ ረዳት መምህርት ሆና ተቀጠረች። ሥራዋ እንዲጸና ዶክትሬቷን መጨረስ ነበረባት። ሰባት ዓመት ጻፈችው። አሁን ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው።

ጽሑፏ ስለ ኋላ ወንበር ልጆች ነው። በአርባ ክፍሎች ውስጥ መጨረሻው ረድፍ ላይ ከልጆቹ ጋር ተቀምጣ፣ መምህሩ ከሚለው ምን ያህሉ እንደሚደርሳቸው በደብተር ስትመዘግብ ኖረች። ጉልበቷን ያመማት ከዚያ በኋላ ነው፤ ወንበሮቹ ለሰባት ዓመት ልጅ የተሠሩ ናቸው።

ከአራት ወር በፊት አንድ እሑድ ረቂቁን በፍላሽ ይዛ ቤቴ መጣች። «የገጽ ቁጥሩ እምቢ አለኝ» አለችኝ፤ «ከሃያ ቀጥሎ አንድ ይላል። እኔን ወደ ኋላ ሊመልሰኝ ነው እንዴ?» ሳቅን። ነገ አስተካክዬ እሰጥሻለሁ አልኳት።

በማግስቱ ሰኞ ጠዋት ለስድሳ መምህራን ስልጠና ነበረኝ። አዲስ የገባውን የኩረጃ መመርመሪያ ሶፍትዌር ላስተምራቸው ነው፤ እኛ ቢሮ «አነፍናፊው» የምንለውን። አንድ ጽሑፍ ሲሰጡት ከዚህ በፊት ከገቡት ጋር ያስተያየዋል፤ የሚመሳሰለውን መስመር ሁሉ አቅልሞ፣ ይህን ያህል በመቶው የሌላ ሰው ነው ብሎ ይመልሳል። የሰጡትንም ጽሑፍ ለሚቀጥለው ፍለጋ የመረጃ ቋቱ ውስጥ ያስቀምጠዋል። እንዳያስቀምጠው ከተፈለገ ከታች ካለችው ትንሽ ሳጥን ምልክቷን ማንሳት ነው።

ለማሳያ ረዥምና እውነተኛ ጽሑፍ ያስፈልገኝ ነበር። የእትዬ ፍላሽ ኪሴ ውስጥ ነው። የፊት ገጿን ቆርጬ ስሟን አወጣሁና ወሰድኩት። እሷን አልጠየቅኳትም። ቤተሰብ ናት፣ ምን ችግር አለው ብዬ ነው።

ግድግዳው ላይ ወዳረፈው የፕሮጀክተር ምስል ጣቴን ቀስሬ፣ «ለሙከራ ከሆነ ይህችን ምልክት አንሱ» እያልኩ ነው። «ካላነሳችኋት ጽሑፉ ቋቱ ውስጥ ይቀራል። ነገ ባለቤቱ ሲያስገባው፣ ከገዛ ጽሑፉ ጋር ተመሳስሎ ኮራጅ ይባላል።» ይህን ስል ከፊት ረድፍ አንድ የሒሳብ መምህር እጃቸውን አወጡ። የይለፍ ቃላቸው ጠፍቷቸዋል። ወደ እሳቸው ዞሬ፣ «የባለቤትዎን ስም ይሞክሩት» ብዬ ቀለድኩ፣ ሰው ሳቀ፣ እኔም እየሳቅኩ «አስገባ» የሚለውን ተጫንኩ። ምልክቷን አላነሳኋትም ነበር። ስልጠናው ሲያልቅ ፋይሉን ከአዳራሹ ኮምፒውተር አጠፋሁ። የገጽ ቁጥሩንም አስተካክዬ ፍላሿን ስመልስላት ከራሴ ላፕቶፕ ላይ ሰረዝኩት። የሰው ጽሑፍ እኔ ጋ እንዲቀር አልፈልግም፤ ጥንቁቅ ሰው ነኝ።

አራት ወር አለፈ። ማክሰኞ ጠዋት ከድኅረ ምረቃ ቢሮ አንድ ሪፖርት በግልባጭ ደረሰኝ። ከሠላሳ በመቶ በላይ የሆነ ሁሉ እኔ ሳላየው አያልፍም። የእትዬ ስም ላዩ ላይ አለ፤ ከሥሩ ዘጠና አንድ በመቶ ይላል። ገጾቹ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ናቸው። የተመሳሰለበትን ምንጭ ሲገልጽ «የተማሪ ጽሑፍ፣ ይኸው ዩኒቨርሲቲ» ከማለት በቀር ስም አይጠራም። የምንጩን ባለቤት ማየት የሚችለው ኃላፊው ብቻ ነው። ከፈትኩት። ያስገባው አካውንት «ስልጠና 1» ይላል፤ ቀኑ ያ ሰኞ ነው።

በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ።

ማድረግ የነበረብኝ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነበር። የሚታየውን አትሞ ሁለተኛ ፎቅ ድኅረ ምረቃ ቢሮ መውጣት፣ የእሷ ጥፋት አይደለም፣ የእኔ ነው ማለት። አትሜው ቢሆን ዛሬ ይህን የማወራበት ምክንያት አይኖርም። ግን ስድሳ መምህር ፊት ቆሜ ተጠንቀቁ ያልኩትን ስህተት እዚያው ቆሜ ሠራሁት ብሎ መናገር ሞት መሰለኝ። ያውም ባልተፈቀደልኝ ጽሑፍ። በየሻይ ቤቱ መሳቂያ ስሆን ታየኝ። ሳይቃጠል በቅጠል አልኩ ለራሴ። «ሰርዝ» የሚለውን ስነካ ቀይ ሳጥን ወጣ፤ በቋሚነት ይሰረዛል፣ መመለስ አይቻልም፣ እርግጠኛ ነዎት? ይላል። እርግጠኛ ነበርኩ። ከዚያ የእትዬን ጽሑፍ እንደገና አስመረመርኩት። ሦስት በመቶ። «የተስተካከለ ሪፖርት» ብዬ አንድ መስመር ጽፌ ለድኅረ ምረቃ ቢሮ ላክሁ።

ደረጃው ላይ አጥፋ አብራ አገኘኝ። «አለቃ፣ ዛሬ ፊትህ በራ» አለኝ።

«አጥፍቼ አብርቼው ነው» አልኩት፤ ተሳስቀን ሻይ ልንጠጣ ወረድን።

ረቡዕ ከሥራ ስገባ እትዬ ሳሎን ተቀምጣለች። እግሯ ሥር ሁለት ትልልቅ ዘንቢል ሙሉ ደብተር አለ። ባለቤቴ አጠገቧ ሆና እጇን ይዛታለች።

«ትናንት አብረውኝ ሻይ የጠጡ ሰዎች ዛሬ ሲያገኙኝ ስልካቸውን ያያሉ» አለችኝ እትዬ። «ኮራጅ መባል እንዲህ ቶሎ ይሰማል እንዴ? ደብተሮቼን አመጣሁ። አንተ ታውቅበታለህ ብዬ ነው፤ የቱን ላሳያቸው?»

«አይዞሽ እትዬ» አልኳት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። «የማሽን ስህተት ነው። አስተካክዬዋለሁ። ትናንትና ነው ያለቀው።»

«ማሽን እንዲህ ይሳሳታል?»

«ይሳሳታል።»

ትከሻዋ ሲወርድ አየሁ። «ይኸው፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለች፤ እኔንም መረቀችኝ፤ ልጆችህ ይባረኩ፣ እጅህ አይታጠፍ አለችኝ። ባለቤቴ ቀና ብላ በኩራት አየችኝ። «አላልኩሽም? እሱ እያለ» አለቻት። ያን ማታ እንኳ ብናገር ቢያንስ ውሸቴ አንድ ይቀንስ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት የኮሚቴው መጥሪያ ደረሰኝ። ድኅረ ምረቃ ቢሮ የመጀመሪያውን ሪፖርት ለሥነ ምግባር ኮሚቴ ልኮት ኖሯል። አሁን በእጃቸው ሁለት ወረቀት ነው ያለው፤ የአንድ ጽሑፍ ሁለት ቁጥር። የትኛው ነው እውነቱ፣ ምንጩስ የት ሄደ፣ ይላል ደብዳቤው። ይህን ሳነብ ነው ያደረግኩት የገባኝ። እሷን ነጻ የሚያወጣት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም «ስልጠና 1» የሚለው ጽሑፍ ነው። ለሶፍትዌሩ ኩባንያ ቶሎ ጻፍኩ። በአንድ ሰዓት ውስጥ መለሱልኝ። በቋሚነት የተሰረዘ አይመለስም፣ ከመሰረዝዎ በፊት በቀይ አስጠንቅቀንዎታል አሉኝ።

ኮሚቴው የተሰበሰበው አርብ ጠዋት ነው። ረዥም ጠረጴዛ፣ ውሃ በየጠርሙሱ፣ አልዘጋ ያለ መስኮት፣ እኔ ራሴ ያሰቀልኩት ሲያንጎራጉር የሚውል ፕሮጀክተር። አምስት ሰዎች ናቸው። ሰብሳቢዋ የሕግ ፕሮፌሰር ናቸው፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም። እትዬን ቀድመው አነጋግረው ወደ ኮሪደር አስወጥተዋታል። ደብተሮቿ ጠረጴዛው ላይ ተከምረዋል።

«ማክሰኞ ጠዋት ዘጠና አንድ፣ ማክሰኞ ከሰዓት ሦስት» አሉ ሰብሳቢዋ። «ጽሑፉ ያው ነው። በመሃል ምን ተፈጠረ?»

ሲስተሙ ታደሰ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። አንዱ ደብተር ፊቴ ተዘርግቶ ዓይኔ አረፈበት። በእትዬ ድብልብል ጽሕፈት «መጨረሻ ረድፍ፣ መስኮት አጠገብ። ልጅቷ ሦስት ጊዜ እጇን አወጣች፤ አልታየችም» ይላል። አልቻልኩም። ከፍላሿ ጀምሬ እስከ ቀዩ ሳጥን ድረስ ነገርኳቸው።

«ይህን የሚያሳይ ነገር አለ?»

«ሰርዤዋለሁ።»

ከአባላቱ አንዱ ስልጠናው ላይ ነበሩ። «ምልክቷን አንሱ ማለቱን አስታውሳለሁ» አሉ። «ያሳየን ጽሑፍ ምን እንደነበረ ግን እንጃ። ማን ያነበዋል?»

«አማካሪዋስ?» አልኩ። ጥያቄዬ ለራሴም ከንቱ ነበር። አምስት ዓመት ያማከሯት ፕሮፌሰር ካረፉ ሁለት ዓመታቸው ነው። በእሳቸው ቦታ የተተኩት ደግሞ ሲፈርሙ እንጂ ሲያነቡ አይታዩም።

«ረቂቁን በፍላሽ የሰጠችዎት የት ነው?» አሉ ሰብሳቢዋ።

«ቤቴ።»

«ቤትዎ በምን ምክንያት መጣች?»

«የባለቤቴ እህት ናት።»

ቃለ ጉባኤ የሚይዙት ሰው እስክሪብቷቸው ቆመ። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። እውነቱን ሁሉ ከተናገርኩ በኋላ፣ ያቺ አንዷ እውነት የቀረውን ሁሉ ውሸት አስመሰለችው። እህቷ ያገባችው ኃላፊ ነው ማስረጃ ያጠፋላት፤ ሌላ ሰው እኔን ሆኖ ቢያወራልኝ እኔም አላምነውም ነበር።

«አንቀጽ አሥራ አራትን ያስታውሱታል?» አሉኝ።

እንዴት እረሳዋለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቴክኒሻኖች ለወዳጅ ለዘመድ ብለው ይሰርዛሉ የሚል ስጋት ነበረኝና፣ በጽሑፍ ሳይጠየቅ ከቋት ማስረጃ ከተሰረዘ ማስረጃው የሚመለከተው ሥራ ውድቅ ይሆናል የሚል አንቀጽ አስገባሁ። ያን ቀን ተጨብጭቦልኛል።

«እሷ እኮ ምንም አላወቀችም» አልኩ።

«አንቀጹ ማወቅ አለማወቋን አይጠይቅም» አሉ ሰብሳቢዋ። ጨክነው አይደለም፤ እንዲያውም ያሳዘንኳቸው ይመስላል። «ማክሰኞ ጠዋት ቢመጡ ኖሮ በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼው ነው። አንድ ሰዓት ተመካከሩ። ጽሑፏ ውድቅ፣ የሥራ ውሏም አይታደስም። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። ከሥራዬ አላነሱኝም፤ የቋቱን ቁልፍ ለማን ይስጡት?

እትዬ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን ታሻለች። ውሳኔውን የነገራት የኮሚቴው ጸሐፊ ገና ዘወር ማለቱ ነው። አጠገቧ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። አላቋረጠችኝም።

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«ማክሰኞ።»

«ረቡዕ ስመርቅህ ታውቅ ነበር።»

«አዎ።»

የኮሪደሩን ወለል አየች። ወለሉ የታጠበ ነው፣ ገና እርጥብ ነው። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትሰድበኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«ለእህቴ እንዳትነግራት» አለች በመጨረሻ።

«እትዬ...»

«እናት አላወቀችም። እኔንም አንተንም ባንድ ቀን አታሳጣት። ለእኔ ሰው ያለውን ይበል። እኔን ትቀየመኝ፣ ይወጣላታል። አንተን ከተቀየመች ቤቷ ይፈርሳል። በቃ፣ ሆድ ይፍጀው።» ዘንቢሎቿን አንስታ ተነሳች። አንዱን ልያዝልሽ ብዬ እጄን ዘረጋሁ፤ ከፈለገችው በላይ ቶሎ ወደ ራሷ ሳበችው።

እሺ አልኩ። ቤቴ ስገባ ባለቤቴ ምን ሆነ ብላ ተነሳች። አልተሳካም፣ ውድቅ አደረጉት አልኳት። የማሽን ስህተት አይደል ያልከው አለች። መስሎኝ ነበር አልኳት። ከሁሉ የከፋችው ያቺ ቃል ናት፤ ውሸት እንኳ ለመሆን ያልበቃች ቃል። እትዬን ያከበርኩ፣ አደራዋን የጠበቅኩ እየመሰለኝ ሦስት ሳምንት ዝም አልኩ። እውነቱን ለመናገር ግን ዝምታው ተመችቶኛል። እንቅልፍ አላጣሁም።

መጀመሪያ ሰሞን ባለቤቴ ለእህቷ ተሟገተች። አክስታቸው ደውለው የሰማሁት እውነት ነው ወይ ሲሏት ስልኩን ዘጋችባቸው። ከዚያ እየደወለች እትዬ አታነሳም፤ ቤቷ እየሄደች ስታንኳኳ በር አይከፈትም። እትዬ ለምን እንደምትሸሻት እኔ አውቅ ነበር። ፊት ለፊት ካየቻት መደበቅ አትችልም። ባለቤቴ ግን ሌላ ነገር ማሰብ ጀመረች።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቁም ሣጥኑን ስታስተካክል፣ እትዬ በደጉ ጊዜ አትማ የሰጠቻትን የጽሑፉን ቅጂ አገኘችው። ቆማ ገለጠችው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ አንዲት መስመር አለች፤ «ከፊት ወንበር እንድትቀመጥ ላሳደግኳት ለታናሽ እህቴ» የምትል። ባለቤቴ ያቺን መስመር መጀመሪያ ያየቻት ቀን አልቅሳባት ነበር። አሁን አላለቀሰችም።

«በሰው ጽሑፍ ላይ ነው ስሜን ያስቀመጠችው?» አለች። «ሰርቃ ነው የሰጠችኝ?»

ገጹን ልትቀደው ሁለት ጣቷ ጠርዙን ይዞታል። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

«አልሰረቀችም» አልኳት። «እኔ ነኝ።»

ቁጭ አለች። ከስልጠናው ሰኞ ጠዋት ጀምሬ ነገርኳት፤ ስለ ሳጥኗ፣ ስለ ሒሳብ መምህሩ፣ ስለ ቀልዴ፣ ስለ ማክሰኞ። ስለ አንቀጽ አሥራ አራት። ስለ ኮሪደሩ። ቅጂውን ደረቷ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። ስጨርስ ለረዥም ጊዜ ያየችው እኔን ሳይሆን ያንን ገጽ ነው።

«ዝም በል ያለችህ እሷ ናት?»

«አዎ።»

«ለእኔ ብላ?»

«ለአንቺ ብላ።»

«አንተስ እሺ አልካት» አለች።

ጥያቄ አልነበረም። ነጠላ ጫማዋን አውልቃ የውጭ ጫማዋን አደረገች፣ ቅጂውን ይዛ ወጣች። በመስኮት አየኋት። በግ እንደጠፋበት ሰው መንገዱን እየሮጠች ወደ እህቷ ቤት ነው የሄደችው። በሩ ዛሬ ቢከፈትላት ብዬ ተመኘሁ፤ ከዚያ የዘለለ የምመኘው ነገር አልቀረኝም።